ሮጦ የማይተኛ ውሻ

ውሻ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ሲል ሁሉም ሰው የሚያዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ «አውጥተህ አሩጠው።» ጎረቤት ይህን ይላል፣ አሠልጣኝ ይህን ይላል፣ የእንስሳት ሐኪምም አልፎ አልፎ ይህንኑ ይላል። ምክሩ መሠረት አለው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት የዋለ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ካላገኘ ጫማ ያኝካል፣ በር ይቧጭራል፣ ላየው ሁሉ ይጮኻል። ግራ የሚያጋባው ምክሩ በትክክል ተፈጽሞ ውጤቱ ሲገለበጥ ነው። ውሻው አንድ ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ቆይቶ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ሶፋው ላይ ይዘረራል፤ ውሻው ግን ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ውኃ ሳህኑ ይመላለሳል። ይተኛል፣ ወዲያው ይነሣል፣ ያለከልካል፣ ያለቃቅሳል። በማግስቱ ሩጫው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያድጋል። መንጎራደዱም አብሮ ያድጋል።

ስለዚህ ጉዳይ የተጠናው ጥቂት አይደለም፤ ግን በየሙያው ተበታትኖ ነው የሚገኘው። የሙቀት ነገር አንድ ቦታ፣ የእንቅልፍ ነገር ሌላ ቦታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ሌላ ቦታ ይጻፋል። አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሉት ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ድካምና መረጋጋት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይዞ የሚመጣውም ሁልጊዜ አይደለም። ከሩጫ በኋላ የሚቅበጠበጥ ውሻ ያልደከመ ውሻ ነው ብሎ መደምደም ስለዚህ ስሕተት ላይ ይጥላል። ምን ያህል እንደሮጠ ከመቁጠር ይልቅ ሰዓት ማየት ይሻላል፦ መቅበጥበጡ መቼ ጀመረ? ምን ያህል ቆየ? አብሮት ምን ታየ?

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው በአብዛኛው የሙቀት ጉዳይ ነው። ሰው ሲሮጥ መላ ቆዳው ያልበዋል። ውሻ እንዲህ ያለውን ላብ የሚያወጣው ከእግሩ መዳፍ ብቻ ነው፤ እሱም ለማቀዝቀዣነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዋናው ማቀዝቀዣው አፉ፣ ምላሱና አፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ሲያርፍ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ የሚተነፍስ ውሻ ሲያለከልክ ከ200 ሊያልፍ ይችላል፤ በፍጥነት የሚመላለሰው አየር እርጥበቱን ያተነዋል፣ እርጥበቱም ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ብርቱ ሩጫ ግን ምንም ሕመም የሌለበትን ውሻ እንኳ 41 ዲግሪ ሊያደርሰው ይችላል።

ብዙ ባለቤት የማያስተውለው ሩጫው ከቆመ በኋላም ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃዎች መጨመሩን እንደሚቀጥል ነው። ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ደምና ወደ መካከለኛው አካል ገና እየተጓዘ ነው፤ ሩጫው ሲፈጥረው የነበረው ነፋስ ደግሞ ቆሟል። ስለዚህ ሜዳው ቅርብ ከሆነ ውሻው ቤት የሚገባው የመጨረሻው ትኩሳት ላይ ሳለ ነው። ምንጣፍ ላይ ቢተኛ ሙቀቱን ያፍንበታል፤ ይነሣና ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ ሆዱን ሴራሚኩ ላይ ዘርግቶ የኋላ እግሮቹን እንደ እንቁራሪት ወደ ኋላ ይለቃል፤ የተኛበት ቦታ ሲሞቅበት ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ይተኛል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ዕረፍት ማጣት ነው። ለውሻው ግን ሥራ ነው፤ እየቀዘቀዘ ነው።

ጥላና ውኃ ያገኘ ጤነኛ ውሻ ማለክለኩ ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ እየሰከነ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት አልፎ ካልሰከነ ነገሩን በቸልታ ማለፍ አይገባም። የሥራ ውሾችን የሚያሠማሩ ሰዎች ቴርሞሜትር ሳያወጡ ምላሱን ያያሉ፤ ጫፉ ሰፍቶ፣ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከአፉ ርቆ ሲንጠለጠል፣ ዓይኑም ሲጨፈገግ ሥራውን ያስቆማሉ። ከዚያ ካለፈ፣ ማለትም ውሻው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ካስታወከ፣ ሲጠሩት ካልሰማ፣ ጉዳዩ የሙቀት ምት ነው፤ የሚቆጠረውም በደቂቃ ነው።

ብዙ ሰው የሙቀት ምትን ከተዘጋ መኪና ጋር ብቻ ያያይዘዋል። በለንደኑ ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ በሚመራው ቬትኮምፓስ በተባለው የሕክምና መዝገብ ላይ ኤሚሊ ሆል፣ አን ካርተርና ዳን ኦኔል በ2020 ያወጧቸው ጥናቶች ይህን ግምት አፍርሰውታል። በ2016 ብሪታንያ ውስጥ በእንስሳት ሐኪሞች ክትትል ሥር ከነበሩ ከ900,000 በላይ ውሾች መካከል በሙቀት ከታመሙት ከ7ቱ 1 ያህሉ ሞተዋል። መንስኤው ሲመረመር ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህሉ የታመሙት በእንቅስቃሴ ምክንያት ሲሆን፣ መኪና ውስጥ የታመሙት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከእንቅስቃሴዎቹም መካከል ተራ የእግር ጉዞ አለበት። ይህ ሁሉ የሆነው በብሪታንያ ነው፤ በሙቀቷ በማትታወቅ አገር።

የማቀዝቀዣው ዘዴም ተቀይሯል። ቀድሞ ቀዝቃዛ ውኃ ውሻውን ያስደነግጠዋል፣ ደም ሥሩን ያጠበዋል እየተባለ ለብ ያለ ውኃና እርጥብ ፎጣ ይመከር ነበር። አሁን ተመራማሪዎቹ የሚሉት «መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰድ» ነው። ወጣትና ጤነኛ የነበረን ውሻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ላረጀ ወይም ለታመመ ደግሞ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ። ፎጣ አልብሶ መተው ግን ሙቀቱን ያፍነዋል እንጂ አያወጣውም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ውሾች ማዕከል በ2024 ያሳተመው ሙከራ ደግሞ ቀላልነቱ ደስ ይላል። በሲንቲያ ኦቶ የሚመሩት ባለሙያዎች 12 የሠለጠኑ ውሾች ከሩጫ በኋላ ጭንቅላታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የውኃ ባልዲ ውስጥ እንዲነክሩ አስተማሯቸው፤ ከባልዲው ሥር የሚወዱት ምግብ ነበር። ውኃው በረዶ አልነበረም፤ የክፍሉ ሙቀት ያለው ነበር። አንገት ላይ ከሚደረግ እርጥብ ፎጣ፣ ብብት ሥር ከሚደረግ ማቀዝቀዣና ከበረዶ ከረጢት ሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳየው ይህ ነው፤ ያንን ከሩጫ በኋላ የሚመጣውን የሙቀት ጭማሪም ገታው። ባልዲ የሌለው ቤት የለም። ጭንቅላቱን በግድ መድፈቅ ግን አይቻልም፤ የሚያለከልክ ውሻ ውኃ ወደ ሳንባው ሊስብ ይችላል። ራሱን የሳተ ከሆነማ ጨርሶ አይሞከርም።

ቦታም ይለያያል። ደረቅ አየር እርጥበትን ቶሎ ስለሚያተን አዲስ አበባ ላይ ማለክለክ ጥሩ ይሠራል፤ በዚያ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። በሌላ በኩል ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ከውጭ አገር ውሻውን ይዞ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጦጦ ላይ ሲያሮጠው ውሻው ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግር ተቃራኒ ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ በበጋ ሙቀቱን ሸሽቶ ማታ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ፀሐይዋን ቢያመልጥም እርጥበቱን አያመልጥም፤ አየሩ ራሱ በውኃ ስለተሞላ የውሻው ምላስ አይደርቅም፣ ሙቀቱም አይወጣም። አስፋልቱም ፀሐይ ከገባች በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። እጅ ላዩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ ካልተቻለ የውሻ መዳፍም አይችለውም። ቤት ገብቶ እግሩን ሲልስ የሚያድር ውሻ መዳፉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑት፣ እንደ ፑግ፣ ቡልዶግና ፍሬንች ቡልዶግ ያሉት፣ ለብቻቸው ይታያሉ። የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ ስለሆነ ለማቀዝቀዝ ሲያለከልኩ የማለክለኩ ድካም ራሱ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ ኬኔል ክለብ ከ2019 ጀምሮ እነዚህን ውሾች የሚመዝኑበት ዘዴ 3 ደቂቃ ሶምሶማ አስሩጦ ትንፋሻቸውን ከሩጫው በፊትና በኋላ ማዳመጥ ነው። 3 ደቂቃ ችግሩን ለማውጣት ይበቃል። እንዲህ ያለውን ውሻ «ጉልበቱ ይውጣለት» ብሎ አንድ ሰዓት ማሮጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ምክር ሳይሆን ጭካኔ ነው።

ሙቀቱ ከበረደ በኋላም የሚቅበጠበጥ ውሻ አለ። ትንፋሹ ተረጋግቷል፣ ውኃውን ጠጥቷል፣ ግን ዓይኑ ኳሱ የተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ አእምሮ ይሻገራል።

ዴቪድ ራይክለንና ባልደረቦቹ በ2012 ሰዎችን፣ ውሾችንና ፌሬት የተባሉትን ትናንሽ አዳኝ እንስሳት በትሬድሚል አስሩጠው ደማቸውን መርምረው ነበር። በብርቱ ሩጫ የሰዎቹም የውሾቹም ደም ውስጥ አናንዳማይድ የተባለው፣ ደስታን ከሚሰጡትና ሕመምን ከሚያደነዝዙት የሰውነት ኬሚካሎች አንዱ፣ ጨመረ። ሩጫ ልማዳቸው ባልሆነው በፌሬቶቹ ላይ ግን አልጨመረም። ውሻ መሮጥ የሚወድ ብቻ አይደለም፤ መሮጡ ራሱ ይሸልመዋል። በዚያ ላይ አድሬናሊን አለ፣ ልብ ምት አለ፣ የማባረር ደስታ አለ። ኳስ ደግሞ ይህንን ሁሉ በየ20 ሰከንዱ ይደግመዋል። አደን ላይ ያለ እንስሳ አሽትቶ፣ አድፍጦ፣ አንዴ አባርሮ፣ በልቶ ይተኛል። ኳስ የሚያባርር ውሻ የሚሠራው የመካከለኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ ያባርራል፣ ይይዛል፣ እንደገና ያባርራል፤ የመብሉና የመተኛቱ ምዕራፍ አይመጣም። ኳስ ወርዋሪው ሲደክመው ጨዋታው ያለ መደምደሚያ ይቆማል።

በ2025 የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ይህንን አጥብቆ አይቷል። ለአሻንጉሊት ከፍተኛ ፍቅር አላቸው ከተባሉ 105 ውሾች ውስጥ 33ቱ ሱስን የሚመስል ባሕርይ አሳይተዋል፤ ምግብ ቀርቦላቸው አሻንጉሊቱን ማየት አላቆሙም፣ ባለቤታቸው ጨዋታ ሲጋብዛቸው የተዘጋበትን ሳጥን መቧጨሩን መረጡ፤ አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ከተወሰዱ በኋላም ሩብ ሰዓት ሙሉ መረጋጋት ያቃታቸው ነበሩ። እንዲህ ላለው ውሻ ተጨማሪ ኳስ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ከአሠልጣኞች አንድ ነገር ይሰማል፤ የጭንቀት ሆርሞኑ ኮርቲሶል አንዴ ከወጣ ለ3 ቀን ደም ውስጥ ይቆያል ይባላል። በዚህ መልኩ ሲነገር ልክ አይደለም። በጤነኛ ውሻ ደም ውስጥ የወጣው ኮርቲሶል የሚወርደው በሰዓታት እንጂ በቀናት አይደለም። አንድ አስፈሪ ወይም አስጨናቂ ቀን ያሳለፈ ውሻ በማግስቱም በርጋጊ ሊሆን መቻሉ ሌላ ነገር ነው፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመም ወይም የተማረው ፍርሃት ሊያደርገው ይችላል። ምክንያቱን ሁሉ በአንድ ሆርሞን ላይ ማላከክ ግን እውነተኛውን ምክንያት ከመፈለግ ያዘናጋል።

ስለ ውሻ እንቅልፍ ብዙ የሚያውቁት ቡዳፔስት ያሉት ተመራማሪዎች ናቸው። የኤትቨሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የውሾች ጭንቅላት ላይ ያለ ሕመም ኤሌክትሮድ እየለጠፈ እንቅልፋቸውን ይመዘግባል። ንቁ ቀን ያሳለፉ ውሾች ቶሎ ወደ እንቅልፍ ይገባሉ፣ በማንቀላፋት የሚያጠፉት ጊዜም ያጥራል፤ ይህ የ«አሩጠው»ን ምክር ይደግፋል። በ2017 የታተመው ሌላው ሥራቸው ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ውሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለጥቂት ደቂቃ ወይ ተዳብሰው ተጫወቱ፣ ወይ ታስረው ችላ ተባሉና ሰው በሚያስፈራ ሁኔታ ቀረባቸው። የሚገርመው ቶሎ እንቅልፍ የወሰዳቸው የተጨነቁት ናቸው፤ ጥልቁን እንቅልፍ በብዛት ያገኙት ግን ደስ ያላቸው። ቶሎ መተኛት የሰላም ማረጋገጫ አይደለም ማለት ነው። ከሩጫ መልስ እንደ ግንድ የሚወድቀውን ውሻ እያዩ «ይኸው ተረጋጋ» ማለትም ሁልጊዜ አያስኬድም።

ሌላም ችግር አለ፤ ሰውነት ይለምዳል። የዛሬው አድካሚ ሩጫ ከወር በኋላ ማሟሟቂያ ይሆናል። ከ1973 ጀምሮ በአላስካ በሚካሄደው የኢዲታሮድ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ውሾች 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጎትታሉ፤ ፈጣኖቹ በ8 ወይም በ9 ቀን ይጨርሱታል። ውሻን በሩጫ ብቻ አደክማለሁ የሚል ሰው የሚወዳደረው ከዚህ ፍጡር ጋር ነው። እዚያም ቢሆን ዕረፍቱ ለውሻው ፈቃድ አይተውም፤ ደንቡ አንድ የ24 ሰዓት እና ሁለት የ8 ሰዓት ማረፊያዎችን ያስገድዳል። ማረፊያው ላይ ጭድ ይነጠፋል፣ የእግር ጫማቸው ይወልቃል፣ ምግብ ይሰጣል። ይህ ሥርዓት ለውሾቹ የመተኛት ምልክት ነው፤ መሮጥን እንደተማሩ ማረፍንም ይማራሉ። የሚከፈለው ዋጋም አለ። ከውድድር በኋላ በተደረገ ምርመራ ግማሽ ያህሉ ጨጓራቸው ላይ ቁስለት ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም ብርቱ ሩጫ ለሠለጠነ ሰውነትም ሸክም መሆኑን ያሳያል።

ታዲያ ምን ይደረግ ሲባል ከሩጫው መጠን ይልቅ የሩጫውን አጨራረስ መቀየር ነው የሚያዋጣው። የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ኳሱን ደብቆ፣ ረዘም ባለ ማሰሪያ በዝግታ እየሄዱ እንደልቡ እንዲያሸት መተው። በ2019 ሻርሎት ዱራንቶንና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሽታ የመፈለግ ጨዋታ የተጫወቱ ውሾችን ባለቤታቸውን ተከትለው መሄድ ከተለማመዱት ጋር አነጻጽረዋል። የሚያሸቱት አሻሚ ነገር ሲያጋጥማቸው በጎውን የሚጠብቁ ሆኑ፤ ሌሎቹ ግን አልተለወጡም። ቤት ሲገቡም ሥርዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን፦ እግር መጥረግ፣ ውኃ በመጠኑ፣ የሚላስ ወይም የሚታኘክ ነገር፣ ከዚያ ጨለም ያለ ጥግ። ከሜዳ ሲመለሱም መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ ማጫወት የለም። ውሻው ለ5 ደቂቃ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጅራቱን ሸጉጦ ሳሎኑን እየዞረ ቢሮጥ ግን አያሳስብም፤ በተለይ ወጣቶቹ የቀረውን ግለት እንዲህ ያራግፋሉ። ሶፋውን ማዳን ብቻ ነው።

ቡችላ ሌላ ሒሳብ አለው። በቀን ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት መተኛት ስላለበት ከልክ በላይ ሲጫወት እንቅልፉ እንዳለፈው ሕፃን ይነጫነጫል፤ እጅ ይነክሳል፣ ቀሚስ ይጎትታል። ባለቤቱ ጉልበት ተርፎት ነው ብሎ እንደገና ያወጣዋል። የሚያስፈልገው ግን ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

መቅበጥበጡ የጀመረው ወዲያው ሳይሆን ማታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሕመም ይዞራል። ሩጫ ላይ እያለ አድሬናሊኑ ሕመሙን ይሸፍነዋል፤ ጡንቻው ሲቀዘቅዝ ግን ይገለጣል። ውሻው ለመተኛት ሦስት አራት ጊዜ ዞሮ ወገቡን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ እንደገና ይነሣል፣ ጎኑን ይቀይራል፤ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቹ ደረቅ ይሆናሉ፤ ሲሄድ ሲሄድ ይፈታና «ድኗል» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ይወሰዳል። የሊንከን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሚልስና ባልደረቦቹ በ2020 እንደጻፉት በባሕርይ ችግር ወደ እነሱ ከሚላኩ እንስሳት መካከል ሕመም ያለበት፣ በዝቅተኛው ግምት እንኳ፣ ሲሶ ያህሉ ነው። ባለቤቶቹ ይዘውት የሚመጡት ግን «አይረጋጋም» የሚል አቤቱታ ነው እንጂ «ያመዋል» የሚል አይደለም። ውሻ ስላላነከሰ አልታመመም ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም ዳሌዎቹ እኩል የሚያሙት ውሻ በየትኛው እግሩ ያነክስ?

አነስ ያሉ ምክንያቶችም አሉ። የሣር እሾህ በጣቶቹ መካከል ወይም ጆሮው ውስጥ ይገባል፤ ውሻው ጭንቅላቱን ካራገፈ ወይም አንዷን ጣት ብቻ ከላሰ እዚያው መፈለግ ነው። ጸጉሩ ሥር መዥገር ይኖራል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የዋኘ ላብራዶር በማግስቱ ጅራቱ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ መቀመጥ ሊያቅተው ይችላል፤ ያማል እንጂ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ራሱ ይድናል። ከበድ ያለው የላብራዶሮች ችግር ግን በዘር የሚመጣ ነው። ከሁለቱም ወላጆቹ የተበላሸውን ዲኤንኤም1 የተባለ ዘረ መል የወረሰ ውሻ በብርቱ ሩጫና በደስታ መካከል ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል፤ መሮጡን ግን ሊያቆም አይፈልግም፣ የኋላ አካሉን እየጎተተ ኳሱን ይከተላል። ዘረ መሉ በ2008 ስለታወቀ ዛሬ በምርመራ ይለያል። እንዲህ ላለ ውሻ ማቆም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

አንድ ነገር ግን ሰዓት እንዲቆጠርለት አይጠብቅም። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ፣ በአገራችን በየግቢው የሚገኘውን ጀርመን ሼፐርድ ጨምሮ፣ እየተንጎራደደ ለማስመለስ ሞክሮ ምንም ካልወጣው፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ሆዱም ከጎድን አጥንቱ ጀርባ ከተነፋ ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። ጋዙ አይወጣም፣ ደሙ አይመለስም፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምና ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በቀን አንዴ ብዙ መብላትን፣ በፍጥነት መዋጥንና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሳህንን ከአደጋው ጋር አያይዘዋል። በግቢ ውሻ ዘንድ ማታ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ትርፍራፊ የተለመደ ነው፤ ከሁለት ቢከፈል የሚጠፋ ነገር የለም። በልቶ ወዲያው መሮጥ ስላለው ድርሻ ጥናቶቹ ባይስማሙም መጠንቀቁ አይጎዳም። ኩሬ ውስጥ እየዋኘ ብዙ ውኃ የዋጠ ውሻ እንዲሁ ሊንገዳገድና ሊያስታውክ ይችላል፤ የደሙ ጨው ቀጥኖ ነው።

ሜዳ ላይ ምን እንደበላም መጠየቅ ያስፈልጋል። በከተሞቻችን የባዘኑ ውሾችን በተመረዘ ሥጋ ማስወገድ የታወቀ ነገር ስለሆነ ወጥቶ የተመለሰ ውሻ በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከተጨነቀ፣ ሰውነቱ ከደረቀና በትንሽ ድምፅ ከተንቀጠቀጠ ስትሪክኒን መሆኑን መጠርጠር ይገባል። እብድ ውሻ በሽታም አይረሳ። ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከተቅበጠበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ከሩጫ ጋር ማያያዙ ቀርቶ ማንም ሳይነካው ለብቻው ተዘግቶበት ለሐኪም መንገር ነው። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የእኛ አገር ግቢ ውሻ ለብቻው ቢታይ አይከፋም። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ እሑድ ልጆቹ ወይም ዘበኛው ወደ ሜዳ ይወስዱታል። ለስድስት ቀን ሦስት ሜትር ሰንሰለት ላይ የኖረ ጡንቻ በሰባተኛው ቀን ሁለት ሰዓት ሲሮጥ ይጎዳል፤ አእምሮውም ያልለመደውን መኪና፣ ሰውና ሌላ ውሻ አንድ ላይ ይሸከማል። ሰኞ የሚቅበጠበጠው ለዚህ ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ በር ላይ ወጥቶ አሽትቶ ቢመለስ ከእሑዱ ሩጫ ይበልጥበታል። ሌሊት መንጎራደዱን ግን ለብቻ መቁጠር ነው፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት እንዲጠብቅ ያስለመድነው እኛው ነን።

ወደ ሐኪም የሚኬድ ከሆነ ስልክ ይጠቅማል። ክሊኒክ የገባ ውሻ ከፍርሃት የተነሣ ሕመሙን ይደብቃል፤ ሌሊት ሲያቃስት የነበረው ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ መንጎራደዱን ቤት ውስጥ እያለ መቅረጽ፣ ሩጫው ያለቀበትንና መቅበጥበጡ የጀመረበትን ሰዓት መጻፍ። ተኝቶ ሳለም ደረቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ መቁጠር፤ በተከታታይ ሌሊቶች ከ30 ካለፈ፣ በተለይ የሚያስል አሮጌ ውሻ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከእግሩ በፊት ልቡን ያዳምጣል።